ስለ ድብ አደንና ከድብ ጋር በሰላም ስለ መኖር

ድብ በአገራችን አይገኝም፤ ስሙን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ ከአንበሳና ከድብ ጋር እንደ ታገለ፥ በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመንም ሁለት ድቦች ከዱር ወጥተው ያደረሱትን ጥፋት ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተናል። ከዚህ በቀር የምናውቀው ድብ ሕፃናት አቅፈውት የሚተኙት የጨርቅ አሻንጉሊት ነው። አንደኛው የሚያስፈራ፥ ሁለተኛው የሚያስቅ ነው፤ እውነተኛው ድብ ግን ከሁለቱም የተለየ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በባዮሎጂ ትምህርታችን ስለ አጥቢ እንስሳት በተማርንበት ጊዜ ይህን እንስሳ ለጥናት መረጥሁት፤ ጥናቴንም በቀጠልሁ ቍጥር ስለ እንስሳው ጠባይ ብቻ ሳይሆን ስለ አንድ ብርቱ ክርክር ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ክርክሩም «አውሬ ወደ ሰው ቤት በተጠጋ ጊዜ መድኃኒቱ ጠመንጃ ነውን?» የሚል ነው። አሳቤን ከመጀመሪያው ለመግለጥ ያህል፥ ድብን ለጨዋታና ለግድግዳ ጌጥ ማደን ሰውን ከድብ አያድነውም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ቀጥዬ እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ።

አሻንጉሊቱን ካነሣሁ ዘንድ ታሪኩን ልንገራችሁ። በ1902 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በሚሲሲፒ ድብ ሊያድኑ ሄደው አንድም ሳይቀናቸው ቀረ። መሪዎቻቸው ግን አንድ ድብ በውሾች አስከብበው ያዙና ከዛፍ ጋር አስረው ፕሬዚዳንቱ እንዲተኵሱበት ጠሩዋቸው። እርሳቸውም በታሰረ አውሬ ላይ መተኰስ የጨዋ ሥራ አይደለም ብለው እንቢ አሉ። ነገሩ በጋዜጣ ላይ በሥዕል ወጣ፤ አንድ የኒው ዮርክ ባለ ሱቅም በፕሬዚዳንቱ የቍልምጫ ስም «ቴዲ ድብ» የሚባል አሻንጉሊት አሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ብዙ ሰው የማይሰማው የታሪኩ መጨረሻ ግን ያ የታሰረ ድብ ክፉኛ ተጐድቶ ስለ ነበረ ከሥቃዩ እንዲያርፍ ተብሎ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ መገደሉ ነው።

ድብ በአፍሪቃ ምድር ጨርሶ ኖሮ የማያውቅ እንስሳ አይደለም። በሰሜን አፍሪቃ በአትላስ ተራሮች የቡናማ ድብ ወገን ይኖር ነበር። ሮማውያን በአደባባይ ለማዋጋት እያጠመዱ ወሰዱት፥ ከእነርሱም በኋላ አደኑና የደኑ መመንጠር አልቀረለትም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ዘሩ ጠፋ። ዛሬ በዓለም ላይ ስምንት የድብ ዓይነቶች ሲኖሩ ከስምንቱ አንዱም በክፍለ ዓለማችን ዱር ውስጥ የለም። ከእነዚህ ትልቆቹ በበረዶው አገር የሚኖረው ነጭ ድብና በኤውሮፓ፥ በእስያ፥ በሰሜን አሜሪካም የሚገኘው ቡናማ ድብ ናቸው፤ አሜሪካኖች «ግሪዝሊ» የሚሉት የዚሁ የቡናማው ወገን ነው። በቍጥር የሚበልጠው የአሜሪካ ጥቁር ድብ ሲሆን ብቻውን ከሰባቱ ድምር ይበልጣል። ክርክሩ የጋለው በሰሜን አሜሪካ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ የማወሳው በተለይ ስለ ጥቁሩ ድብና ስለ ግሪዝሊ ነው።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ድብን ከሥጋ በሎች ወገን ይመድቡታል። ነገር ግን ጥቁሩ ድብ ከሚበላው አብዛኛው ሣር፥ ሥር፥ የዱር ፍሬ፥ ለውዝና ነፍሳት ነው። በየሎውስቶን አካባቢ ያለው ግሪዝሊ በሙቀቱ ወራት ወደ ተራራ ራስ ወጥቶ ድንጋይ እየገለበጠ የእሳት ራት የምትባለውን ነፍሳት ይለቅማል፤ በአንድ ቀን እስከ 40,000 ድረስ ሊበላ ይችላል። የእሳት ራት የድብም ራት ሆነች ማለት ነው። እንዲህ አድርጎ የሚሰበስበው ስብ ለቅዝቃዜው ወራት ስንቁ ነው። በመከር ጊዜ አንድ ድብ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ይበላል፤ ይህም ለአንድ ሰው ከሚበቃው ስምንት እጥፍ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በብርዱ አገር ያለው ድብ ወደ ዋሻው ገብቶ አምስት ወርና ከዚያም በላይ ሳይበላ፥ ሳይጠጣ፥ ሳይሸና ይተኛል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ የማነሣው ጠብ ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ድብ ሆዱን ለመሙላት የሚሮጥ፥ ጊዜም የሌለው እንስሳ ነው።

አወላለዱም የሚያስደንቅ ነው። ድቦች በሰኔ ገደማ ይገናኛሉ፤ ጽንሱ ግን እስከ መከር ማብቂያ ድረስ ሳያድግ ይቈያል። እናቲቱ በቂ ስብ ካላከማቸች ጽንሱ ሳይቀጥል ይቀራል። ከተሳካላት ጥር ሲሆን በዋሻው ውስጥ እንዳለች ትወልዳለች፤ ግልገሉም ሲወለድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የጥቁር ድብ ግልገሎች አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ፤ ስለዚህ አንዲት ጥቁር ድብ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው በየሁለት ዓመቱ ነው። ግሪዝሊ ደግሞ ከዚህ ይዘገያል፤ ሴቲቱ መውለድ የምትጀምረው ከአምስት ዓመት ዕድሜ ወዲህ ሲሆን ከዚያ በኋላ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ትወልዳለች። እንደ ሚዳቋና እንደ ጥንቸል ቶሎ ቶሎ የሚራባ ፍጥረት አይደለም፤ አንዲት እናት ድብ ስትገደል የሚጐድለው አንድ ነፍስ ብቻ አይሆንም።

እንግዲህ ድብና ሰውን የሚያጣላው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የየሎውስቶንን ታሪክ ማንበብ ይበቃል። ይህ ፓርክ በ1872 የተቋቋመ የአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዚያ የነበሩት ሆቴሎች የምግብ ትራፊያቸውን በሜዳ ላይ ይጥሉ ነበር፤ ድቦችም ይህን አውቀው ማታ ማታ መሰብሰብ ያዙ። ሰዎችም ይህን እንደ ትርኢት ቈጥረው፥ በቈሻሻው ቦታ ፊት ለፊት መቀመጫ ተሠርቶላቸው ተቀምጠው ያዩ ነበር። በመንገድ ዳርም መኪና እያቆሙ በእጃቸው ያበሉት ነበር። የዚህ ውጤት ከ1931 እስከ 1969 ባለው ጊዜ በዓመት በአማካይ 48 ሰዎች በድብ መቍሰላቸው ሆነ። በ1970 የፓርኩ ሹማምንት ሥራቱን ለወጡ፤ የቈሻሻው ቦታ ተዘጋ፥ ድብ ሊከፍተው የማይችል በርሜል ተተከለ፥ ድብን ማብላትን የሚከለክለው ደንብም በጥብቅ ይፈጸም ጀመር።

ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ የተባሉ ወንድማማች ሊቃውንት ግን ለብዙ ዓመታት ድቦቹን ሲያጠኑ ኖረው ነበርና የቈሻሻው ቦታ ባንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይዘጋ ብለው መክረው ነበር። ምክራቸው አልተሰማም። ቈሻሻ የለመዱት ድቦች ምግብ ፍለጋ ወደ ድንኳንና ወደ መንደር ሲሄዱ ብዙዎቹ ተገደሉ፤ በ1975 ግሪዝሊ በሕግ ጥበቃ ሥር በገባ ጊዜ በፓርኩና በዙሪያው የቀሩት 136 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ይገመታል። ዛሬ በዚያው አካባቢ ወደ 1,000 ገደማ ደርሰዋል። በየዓመቱ ፓርኩን የሚጐበኘው ሕዝብ አራት ሚሊዮን ያህል ሲሆን በድብ የሚጐዳው ሰው በአማካይ በዓመት አንድ ያህል ነው። ድቦቹም ጐብኚዎቹም በዙ፥ ጉዳቱ ግን እጅግ አነሰ፤ በፓርኩ ውስጥ ደግሞ አደን ክልክል ነው። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ካነበብሁት ሁሉ ይህን የሚያህል ማስረጃ አላገኘሁም።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «በሐረር ሰዎች ጅብን በእጃቸው እያበሉ አብረው ይኖሩ የለምን? ድብን ማብላት ስለ ምን ጥፋት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው መልካም ነው። የሐረር ጅብ ግን ሌሊት በከተማው ተዘዋውሮ የወደቀውን አጥንትና ትራፊ ለቅሞ ጎሕ ሲቀድ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ የሚያበሉትም ሰዎች ጥቂቶችና የታወቁ ናቸው፥ ልማዱም የቈየ ነው። ድብ የመኪና በር ከፍቶ፥ የወጥ ቤት መስኮት ገንጥሎ የሚገባ ጕልበትና ብልኃት አለው። እናት ድብም ምግብ ያገኘችበትን ቦታ ለግልገሎችዋ ታሳያለች፤ እነርሱም ሲያድጉ ወደዚያው ይመለሳሉ። የአሜሪካ የዱር አራዊት ጠባቂዎች ሰው ያበላው ድብ እንደ ሞተ ይቈጠራል የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በኮሎራዶ ከተራራ ሥር ባለች ከተማ የሚኖሩ አጎቴ በደብዳቤ እንደ ነገሩኝ፥ ወደዚያ ሰፈር በገቡ ጊዜ ጎረቤታቸው በመጀመሪያ ያስጠነቀቃቸው ስለ ሌባ ሳይሆን ስለ ቈሻሻ ነበር። የቈሻሻውን በርሜል ማታ ደጅ ማውጣት አይፈቀድም፤ መኪናው በሚመጣበት ቀን ጧት ብቻ ይወጣል። አጎቴ ነገሩ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። በዚያው በኮሎራዶ ዱራንጎ በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች ከ2011 እስከ 2016 ይህን ነገር መረመሩት። በአንዳንድ ሰፈሮች ድብ የማይከፍተው በርሜል በነጻ ታደለ፥ በሌሎቹ ግን አልታደለም። በታደለባቸው ሰፈሮች በቈሻሻ ምክንያት ከድብ ጋር የሚነሣው ጠብ ከሌሎቹ በ60 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ ብቻ ይህን ያህል ሠርቷል።

አሁን አደንን የሚደግፉትን ሰዎች ቃል ልስማ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹም ዱርን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የመጀመሪያው ምክንያታቸው «ድብ በዝቷል፤ ካልታደነም ሰውን መፍራት ይተዋል» የሚል ነው። ይህ በጆሮ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን በካናዳ የኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት በ1999 የፀደይ ወራት የድብ አደንን ከልክሎ ከ2014 ጀምሮ መልሶ ፈቀደው። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች መዝገቡን አገላብጠው በ2023 ባወጡት ጽሑፍ አደኑ ስለ ተመለሰ ጠቡ እንዳልቀነሰ ገለጡ። ድብን ወደ መንደር የሚያወጣው የዱር ፍሬ መጥፋት ነው። ደግሞም አዳኝ የሚገድለው የትኛውን ድብ ነው? አደን በመንደር መካከል አይፈቀድምና በጫካ ውስጥ ያገኘውን፥ ይልቁንም ትልቁንና ባለ መልካም ጠጕሩን ይገድላል። በርሜል የሚገለብጠው ድብ ግን በሰፈር ውስጥ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ያገራችን ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል።

በፍሎሪዳ የሆነውን እንይ። በ1970ዎቹ ዓመታት የፍሎሪዳ ጥቁር ድብ ጥቂት መቶ ብቻ ቀርቶ ስለ ነበረ በ1974 ጥበቃ ይገባቸዋል ከተባሉት አራዊት ጋር ተቈጠረ፤ በጥበቃውም ቍጥሩ ስለ በዛ በ2012 ከዚያ መዝገብ ተሠረዘ። በሦስተኛው ዓመት፥ በጥቅምት 2015፥ ከ21 ዓመት በኋላ አደን ተፈቀደ። ከ3,700 በላይ ፈቃድ ተሸጠ፤ የሚገደሉትም ከ320 እንዳይበልጡ ተወሰነ። ጊዜው እስከ ሰባት ቀን ሊቈይ የታሰበ ቢሆንም በሁለት ቀን 304 ድቦች ስለ ተገደሉ ተዘጋ። በአንደኛው ወረዳ የተገደሉት ከተወሰነው ቍጥር ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ከጠቅላላውም ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ሲሆኑ የሚያጠቡም ይገኙባቸው ነበር። ስለ አወላለዳቸው ከላይ የጻፍሁትን የሚያስታውስ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ራሱ ይፈርዳል። በሚከተለው ዓመት ኮሚሽኑ አደኑን ሳይፈቅድ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በ1937 በአሜሪካ በወጣው ሕግ መሠረት በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ ይውላል፤ ብዙ ደንና ብዙ እንስሳም በዚህ ገንዘብ ድነዋል። ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ቀረጡ የሚሰበሰበው ድብ ቢታደንም ባይታደንም ነው፤ ሕያው ድብም ራሱ ገንዘብ ያመጣል። በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የባሕር ዳር ደን በ2012 ድብን ለማየት የመጡ ሰዎች ያወጡት ገንዘብ ድብን ለማደን የመጡት ካወጡት 12 እጥፍ እንደ ነበረ በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዚያ የሚኖሩት የባሕር ዳር ነባር ሕዝቦች በ2012 በምድራችን ድብን ለጌጥ መግደል ይቅር ብለው ዐወጁ። የጠቅላይ ግዛቱም መንግሥት በታኅሣሥ 2017 የግሪዝሊን አደን ከለከለ፤ ለነባሮቹ ሕዝቦች ግን እንደ ጥንቱ ለምግባቸውና ለሥርዓታቸው ማደን አልተከለከለባቸውም። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ለማዕዱ የሚያድንና ለግድግዳው የሚያድን አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ነገር ክርክር ሳይሆን ሐዘን ነው። በግንቦት 2025 በደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ አንድ የ89 ዓመት ሽማግሌ ከነውሻቸው በድብ ተገደሉ፤ በዚያ ግዛት መዝገብ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። አባታቸውን ለቀበሩ ልጆች «ድብ ሰውን የሚገድለው ከስንት አንድ ነው» ብሎ መናገር የሚያጽናና ቃል አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ከ1900 እስከ 2009 ባሉት 110 ዓመታት በጥቁር ድብ የሞቱት 63 ሰዎች መሆናቸው እውነት ነው፤ ግን ከ63ቱ እያንዳንዱ የአንድ ቤት ሰው ነበረ። ሰውን ያጠቃ ድብ በጠባቂዎች እጅ ቢገደል አልቃወምም፤ በዚያን ጊዜም እንዲሁ ተደርጓል። የምቃወመው አንድ ድብ ባጠፋው፥ ሰው አይቶ በማያውቅ በሌላ ድብ ላይ መተኰስን ነው።

አብሮ ለመኖር የሚያስፈልገው ደግሞ ከባድ ዕውቀት አይደለም። ድብ ማር እንዲወድ ሁሉ ሰው ያውቃል፤ እንዲያውም ከማሩ እኩል የንቡን እጭ ይፈልጋል። ቀፎ ያለው ገበሬ ዙሪያውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢዘረጋበት ድቡ አንድ ጊዜ በአፍንጫው ነክቶ ይሸሻል። የፍራፍሬ ዛፍ ያለው ፍሬው መሬት ሳይወድቅ ይልቀም፤ የውሻውን ምግብም ደጅ አያሳድር። በዱር የሚሄድ ሰው ድምፁን እያሰማ ይሂድ፤ ድብ ቢገጥመው አይሩጥ፥ ድብ ከማንኛችንም ይልቅ ይሮጣልና፤ በዝግታ እየተናገረ ወደ ኋላ ይበል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ከሚጥሚጣ ወገን ከሆነ ቃሪያ የተሠራው የሚረጭ መድኃኒት ነው። በአላስካ የተደረገውና በ2008 የታተመው ጥናት ይህ መድኃኒት ቡናማ ድብን ከመቶ 92 ጊዜ እንዳስቆመ ይናገራል። እናቶቻችን ሚጥሚጣ ሲወቅጡ ከቤት ሸሽቶ የወጣ ሁሉ ድቡን አይፈርድበትም።

ፍሎሪዳ ግን በነሐሴ 2025 አደኑን መልሳ ፈቀደች። በዚህ ጊዜ የ2015ቱ እንዳይደገም ተብሎ በታኅሣሥ ወር ለሚደረገው አደን 172 ፈቃድ ብቻ በዕጣ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ለዕጣው የሚከፈለው 5 ዶላር፥ ዕጣው ለወጣለት የአገሩ ነዋሪ የፈቃዱ ዋጋ 100 ዶላር ነበር። ከ160,000 በላይ ማመልከቻ ገባ። ከአመልካቾቹም መካከል በሕይወታቸው ጠመንጃ ይዘው የማያውቁ፥ አደኑን በአደባባይ የተቃወሙ ሰዎች ነበሩበት። ዕጣው ከደረሳቸው ከእነዚህም አንዳንዶቹ 100 ዶላራቸውን ከፍለው ፈቃዱን ወሰዱና አደኑ እስኪዘጋ ድረስ በቤታቸው አስቀመጡት።